የዐቢይ ቀመር ዕለታት፤ ስለ አንድ ታላቅ ቁጥር ባሕርይና ታሪክ

(በሬድዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



የነገሥታት፣ የጦርነትና የከተሞች ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር ታነባላችሁ። ቁጥርም ታሪክ አለው ሲባል ግን የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም ቁጥር የሚወለድበት ምክንያት፣ የሚገለገልበት ሕዝብ፣ የሚመረመርበት ሕግ አለው፤ እንደ ማናቸውም የሰው ሥራ ሁሉ ደግሞ አልፎ የማይሄደው ወሰን አለው። ዛሬ የምንነጋገርበት ቁጥር 194,313 ነው።

ይህ ቁጥር በገበያ አይጠራም፤ በበጀት መዝገብም አይገኝም። ነገር ግን ፋሲካ መቼ እንደሚውል፣ ዓመቱ በየትኛው ቀን እንደሚብት፣ ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት መሆኗን የሚወስነው ሥርዓት በሙሉ በዚህ ቁጥር ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዐቢይ ቀመር የሚሉት የ532 ዓመት ዙር በዕለት ሲቈጠር 194,313 ዕለት ይሆናልና።

በመጀመሪያ ቁጥሩ በእኛ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ እንመልከት። የግዕዝ አኃዝ መልኩን ከግሪክ ፊደላት የወሰደ ሲሆን፣ በአክሱም ዘመን የድንጋይ ጽሕፈቶች ላይ ይገኛል። በዚህ አኃዝ ታላቅ ቁጥር የሚጻፈው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። 194,313ን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት አድርገን ስንከፍለው 13፣ 43 እና 19 እናገኛለን። ስለዚህ 19 እልፍ፣ 43 መቶ፣ 13 ተብሎ ይነበባል፤ ሲጻፍም ፲፱፼፵፫፻፲፫ ይሆናል። እልፍ ማለት 10,000 ነው፤ ከእልፍ በላይ ያለው ደግሞ አእላፍ፣ አእላፋት፣ ትእልፊት እየተባለ ይቀጥላል። እንግዲህ አባቶቻችን ዜሮን በአኃዛቸው ውስጥ ባያስገቡም ታላቅ ቁጥር ለመጻፍና ለመጥራት አልተቸገሩም ማለት ነው።

አሁን ቁጥሩ ከየት እንደ ተወለደ እንይ። ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ችግር ነው። የሳምንቱ ቀናት በ7 ይዞራሉ። አራቱ ወንጌላውያን፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ፣ በየተራ ዓመትን እየጠበቁ በ4 ይዞራሉ፤ በሉቃስ ዓመት ፍጻሜ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ጨረቃ ደግሞ በ19 ዓመት ወደ ቀድሞ ቦታዋ ትመለሳለች ተብሎ ይቈጠራል። ሦስቱም ዙሮች በአንድ ጊዜ ከጀመሩበት ነጥብ ተነሥተው እንደ ገና በአንድ ጊዜ እዚያው የሚገናኙት መቼ ነው?

ይህን ለመረዳት ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የመሥሪያ ቤት ዘበኛ በየ4 ቀኑ የሌሊት ተራ ይደርሰዋል እንበል። እሑድ በየ7 ቀኑ ይመጣል። ዛሬ እሑድና የሌሊት ተራው አብረው ቢውሉ እንደ ገና አብረው የሚውሉት ከ28 ቀን በኋላ ነው፤ 4 እና 7 ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውምና። ነገር ግን አንደኛው ተራ በየ4 ቀኑ፣ ሌላው በየ6 ቀኑ የሚመጣ ቢሆን 24 ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ በ12ኛው ቀን ይገናኛሉ። 4 እና 6 ሁለቱም ለ2 ስለሚከፈሉ የጋራ የሆነው ክፍል ሁለት ጊዜ አይቈጠርም። የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ግን እንደማይተዋወቁ መንገደኞች ናቸው፤ የሚገናኙበት ቦታ የሁለቱ ብዜት ብቻ ነው።

ስለዚህ 7 በ4 ሲባዛ 28 ይሆናል፤ ይህ ዐውደ ፀሐይ ይባላል። 28 በ19 ሲባዛ ደግሞ 532 ይሆናል፤ ይህ ዐቢይ ቀመር ነው። 19 ዓመቱ ንኡስ ቀመር፣ አራት ጊዜ 19 የሆነው 76 ዓመት ደግሞ ማዕከላዊ ቀመር ወይም ዐውደ ማኅተም ይባላል። 76ን በ7 ብናበዛም መልሰን 532 እናገኛለን።

ዓመትን ብቻ ከመቍጠር ይልቅ ወደ ዕለት የምንወርድበት ምክንያት አለ። ዓመት የ365 ዕለትና የሩብ ዕለት ስለ ሆነ በራሱ ሙሉ ቁጥር አይደለም። ዕለት ግን አይከፈልም፤ ማንም ሰው በዓል በሩብ ቀን አያከብርም። 532 ዓመት በ365 ሲባዛ 194,180 ዕለት ይሆናል። በዚህ ላይ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ የምትጨመረውን ስድስተኛዋን ጳጉሜን እንደምራለን። እነዚህም ለ532 ዓመት 133 ናቸው። ድምሩ 194,313 ነው።

ይህንኑ በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። አራት ዓመት 1,461 ዕለት ነው። 532 ዓመት ውስጥ አራት ዓመት 133 ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ 133ን በ1,461 ማባዛት ይበቃል። በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚል ስም የተሰጠውን ዘዴ በዚህ ላይ እንሞክር። ዘዴው የማባዣ ሠንጠረዥ ማጥናት አይጠይቅም፤ እጥፍ ማድረግና ለሁለት መክፈል ለሚያውቅ ሁሉ ይቻላል። በጥንታዊት ግብፅ ጸሐፍት ይሠሩበት ከነበረው የእጥፍ ስሌትም ጋር ዝምድና አለው።

በአንድ ወገን 133ን እየከፈልን፣ ትርፉን እየጣልን እንጻፍ፤ 133፣ 66፣ 33፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በሌላው ወገን 1,461ን እጥፍ እያደረግን እንጻፍ፤ 1,461፣ 2,922፣ 5,844፣ 11,688፣ 23,376፣ 46,752፣ 93,504፣ 187,008። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ወገን ለሁለት እኩል የማይከፈሉትን ብቻ እንመርጣለን። እነዚህም 133፣ 33 እና 1 ናቸው። በትይዩአቸው ያሉት 1,461፣ 5,844 እና 187,008 ናቸው። ደምሩአቸው፤ 194,313 ይሆናል። ጠጠር ለይቶ መቍጠር የሚችል ሰው ሁሉ ይህን ሊያደርገው ይችላል።

ቁጥሩ ከተገኘ ዘንድ ባሕርዩን እንመርምር። ቁጥሮችን እንደ ባሕርያቸው በየወገናቸው መመደብ የጀመረው ትምህርት በጥንት ግሪኮች ዘንድ የበሰለ ነው፤ ከታላላቅ ማእከሎቹም አንዱ የግብፅ እስክንድርያ ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በዚያች ከተማ ያስተማረው ኤውክሊድስ ስለ ቁጥር አካፋዮችና ስለ ፍጹም ቁጥር ጽፎአል። ከእርሱ ቀጥሎ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት አለቃ የነበረው ኤራቶስቴንስ ብቸኛ ቁጥሮችን ከሌሎቹ እንደ ወንፊት አጥልሎ የሚለይበትን ዘዴ አሳየ። በመጀመሪያው ምእት ዓመት መጨረሻ ገደማ የተነሣው የጌራሳው ኒቆማኮስ ደግሞ ቁጥሮችን ፍጹም፣ ትሩፍና ሕፁፅ ብሎ በሦስት ከፈላቸው። የዐቢይ ቀመር ስሌትም ከዚያችው ከእስክንድርያ የመጣ ነው። የቁጥር ሕግ የተማረባትና የዘመን ቁጥር የተቀመረባት ከተማ አንድ መሆንዋ ልብ ሊባል ይገባዋል።

አሁን 194,313ን ወደዚህ ሸንጎ እናቅርበው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ለሁለት እኩል ይከፈላልን? የሚል ነው። አይከፈልም፤ መጨረሻው 3 ነውና። ይህ በራሱ የሚያስደንቅ ነው፤ 532 ለሁለትም ለአራትም ይከፈል ነበርና። አራትነቱ ወዴት ሄደ? ሩቡን ዕለት ሙሉ ለማድረግ ዋለ። አራት ሩቦች አንዲት ጳጉሜን ስድስትን ሲወልዱ፣ በዓመቱ ቁጥር ውስጥ የነበረው 4 በዕለቱ ቁጥር ውስጥ አይታይም።

ሁለተኛው ጥያቄ ብቸኛ ቁጥር ነውን? የሚል ነው። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ነው። 194,313 ብቸኛ አይደለም። አኃዞቹ ሲደመሩ 21 ስለሚሆኑ ለ3 ይከፈላል፤ እየከፈልን ብንሄድ 3፣ 7፣ 19 እና 487 የሚባሉ አራት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሆኖ እናገኘዋለን። ከእነዚህ አንዱም ሁለት ጊዜ አልተደገመም። 7 የሳምንቱ፣ 19 የጨረቃዋ ምልክት ነው። 3 እና 487 ግን አብረው ሲባዙ 1,461 ይሆናሉ፤ ይኸውም የአራቱ ወንጌላውያን ዓመታት ዕለት ነው። 487 ሊከፋፈል የማይችል እምቢተኛ ቁጥር ነው። ከ1,461 አካፋዮች መካከል 7ም 19ም ባለመኖሩ ሳምንቱና ጨረቃዋ እያንዳንዳቸው ሙሉ ተራቸውን ማስጠበቃቸው ግድ ሆነ። ዐቢይ ቀመር ይህን ያህል የረዘመው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ሊቃውንት ረዥም ቁጥር ስለ ወደዱ አይደለም።

አራት የማይደጋገሙ ብቸኛ አካፋዮች ያሉት ቁጥር ባጠቃላይ 16 አካፋዮች ይኖሩታል። ከነዚህ መካከል የምናውቃቸው ብዙ ናቸው። 1,461 የአራት ዓመት ዕለት ነው። 10,227 የዐውደ ፀሐይ፣ የ28 ዓመት ዕለት ነው። 27,759 ደግሞ የማዕከላዊ ቀመር፣ የ76 ዓመት ዕለት ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ሁለት ሥራ አለው፤ 194,313ን ለ7 ስንከፍለው የምናገኘው 27,759 ስለ ሆነ፣ በዐቢይ ቀመር ውስጥ ያሉት ሳምንታት ቁጥርም እርሱ ነው። የግሪኩ የከዋክብት መርማሪ ካሊጶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምእት ዓመት 76 ዓመት 940 የጨረቃ ወርና 27,759 ዕለት ነው ብሎ ቀምሮ ነበር። ዐውደ ማኅተማችን ከዚያ ጋር በአንዲት ዕለት እንኳ አይለያይም።

ሦስተኛው ጥያቄ የኒቆማኮስ ጥያቄ ነው። የአንድን ቁጥር አካፋዮች፣ ራሱን ትተን፣ ብንደምራቸው ከቁጥሩ ጋር ይተካከላሉን? ከተካከሉ ቁጥሩ ፍጹም ነው። ከበለጡ ትሩፍ ነው። ካነሱ ሕፁፅ ነው። 28 ፍጹም ቁጥር ነው፤ አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ 28 ይሆናሉና። እንግዲህ ዐውደ ፀሐይ በፍጹም ቁጥር ይዞራል። 532 ግን የ28 ብዜት ስለ ሆነ ትሩፍ ነው፤ የአካፋዮቹ ድምር 588 ነው። 194,313ስ? ከራሱ በቀር ያሉት 15 አካፋዮች ሲደመሩ 118,007 ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ ሕፁፅ ነው። በዓመት ሲቈጠር ትሩፍ የነበረው ዙር በዕለት ሲቈጠር ሕፁፅ ሆነ። ጥንታውያን በእንዲህ ያለው ነገር ላይ ብዙ ምሥጢር ይተረጕሙበት ነበር። እኛ ግን የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ያው ዘመን በተለየ መስፈሪያ ሲሰፈር ባሕርዩ የተለየ ቁጥር ይሰጣል። መዝገብ የሚይዝ ሰው ሁሉ መስፈሪያውን ሳይጠይቅ ቁጥሩን ብቻ እንዳይቀበል ይህ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከባሕርዩ ወደ ታሪኩ እንመለስ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ባሕረ ሐሳብን የደረሰው የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ነው። እርሱም በሁለተኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በሦስተኛው መጀመሪያ የነበረ ነው። የ532 ዓመቱን ዙር በጽሑፍ ያደራጀው ግን በአምስተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ የነበረው አንያኖስ የሚባል የእስክንድርያ መነኩሴ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። በምዕራብም ቢሆን ዙሩ ታወቀ፤ እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ በ725 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ 532 ተጠቅሞበታል። በኋላ ዘመን አውሮፓውያን ሲተዉት በኢትዮጵያ ግን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ ኖረ። የጥንት ሒሳብ ታሪክ ሊቅ የነበረው ኦቶ ኖይገባወር በ1979 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያ ሊቃውንት ብራናዎች የጥንቱን የእስክንድርያ ስሌት ጠብቀው ማቈየታቸውን አስረድቶአል። እስክንድርያ ያጣችውን ትምህርት ለማግኘት ተመራማሪው የኢትዮጵያን ብራና መግለጥ ግድ ሆነበት።

ስሌቱ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት 1949 ዓ.ም. እንውሰድ። ሊቃውንት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ይጨምራሉ፤ ዓመተ ዓለሙ 7,449 ይሆናል። ይህን ለ532 ብንከፍለው 14 ጊዜ ደርሶ 1 ይተርፋል። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የ15ኛው ዐቢይ ቀመር የመጀመሪያ ዕለት ነበረች።

ቁጥሩ እውነት ከሆነ ሦስቱም ዙሮች በዚያች ዕለት ከመነሻቸው ላይ መገኘት አለባቸው። እንፈትን። 7,449 ለ4 ሲከፈል 1 ይተርፋል፤ ዘመነ ማቴዎስ ነው። ለ19 ሲከፈል 1 ይተርፋል፤ ከእርሱ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ አልቦ፣ አበቅቴው አልቦ ይሆናል፤ መጥቅዑም 30 ነው። ዕለቱን ለማግኘት ደግሞ 7,449 ላይ የአራተኛውን መጠን፣ ማለት 1,862ን እንጨምራለን፤ 9,311 ይሆናል። ይህ ለ7 ሲከፈል 1 ይተርፋል፤ አንድ ማክሰኞ ነው። ሊቃውንት ጥንተ ቀመር የሚሉት የመጀመሪያው ዓመት የባተበት ዕለትም ማክሰኞ ነው። እንደ ቁጥሩ ቃል ዙሩ ሁሉ በአንድ በር ተመልሶ ገባ።

ከዚያ ወደ ፋሲካው እንሂድ። መጥቅዑ 30 ስለ ሆነ መስከረም 30ን እንይዛለን፤ በ1949 ረቡዕ ነበረች። የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። 30 እና 4 ሲደመር 34፤ ሠላሳው ሲገደፍ 4 ይቀራል፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 4 ገባ። ከነነዌ እስከ ፋሲካ 69 ዕለት ስለ ሆነ ፋሲካ ሚያዝያ 13 ቀን 1949 ዓ.ም. ዋለ። ከዚያ 194,313 ዕለት ወደ ኋላ ብንቈጥር በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት፣ በ1417 ዓ.ም.፣ ያው ፋሲካ በሚያዝያ 13 እናገኛለን። እንደ ገና ወደ ኋላ ብንሄድ 885 ዓ.ም.፣ ከዚያም 353 ዓ.ም. እንደርሳለን፤ ይህ የመጨረሻው የአክሱም መንግሥት ክርስትናን ተቀብሎ ብዙ ሳይቈይ ያለ ዘመን ነው። ወደ ፊት ደግሞ በ2481 ዓ.ም. የሚኖሩት ሰዎች እንዲሁ በሚያዝያ 13 ያከብራሉ። 2018 ዓ.ም. የዚህ ዙር 70ኛ ዓመት ነው፤ ዙሩ ገና በሕፃንነቱ ነው ማለት ይቻላል።

እስከዚህ ድረስ ቁጥሩን አመሰገንን። አሁን ደግሞ በሚዛን እናስቀምጠው፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ማመስገን ብቻ አይገባውምና። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ያለ አንዳች ጉድለት ይዘጋል። ሰማይስ?

በዐቢይ ቀመር ውስጥ 6,580 የጨረቃ ወራት ይቈጠራሉ። 194,313ን ለዚህ ብንከፍለው አንድ ወር 29.53085 ዕለት ይደርሰዋል። የእውነተኛዋ ጨረቃ ወር በመካከለኛ ቁጥር 29.53059 ዕለት ነው። ልዩነቱ በአንድ ወር ውስጥ ሃያ ሦስት ሴኮንድ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ማንም አይታወቀውም። በ532 ዓመት ውስጥ ግን ተጠራቅሞ ወደ አንድ ዕለት ከሦስት አራተኛ ይጠጋል። የፀሐዩም እንዲሁ ነው። ዓመት 365 ዕለት ከሩብ ተብሎ ይቈጠራል፤ ወቅቶች የሚመለሱበት ዓመት ግን 365.2422 ዕለት ያህል ነው። ይህም በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ አራት ዕለት ያህል ያመጣል።

የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) አሥር ዕለት ከቁጥር እንዲወጣ ያዘዙት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ዓመት ከኦክቶበር 4 ሐሙስ ቀጥሎ የነጋው ኦክቶበር 15 ዓርብ ተባለ። ለወደ ፊቱም ከአራት ምእት ዓመት ፍጻሜዎች ሦስቱ ተጨማሪ ዕለት እንዳይኖራቸው ተደነገገ። በዚህ ሥርዓት አንድ ዐቢይ ቀመር ሊኖር አይችልም፤ 532 ዓመት ቢቈጠር ሁልጊዜ 194,313 ዕለት አይሆንምና። እንግዲህ አውሮፓውያን ከሰማይ ጋር ለመስማማት ሲሉ የቁጥሩን ውበት ሰጡ፤ እኛ ደግሞ የቁጥሩን ሥርዓት ጠብቀን ከሰማይ ጋር በጥቂት በጥቂቱ መራራቅን ተቀበልን። ከሁለቱ አንዱ ሞኝነት ሌላው ጥበብ ነው ማለት አይገባም። የቀን መቍጠሪያ ሥራው ሁለት ነው፤ አንደኛው ወቅትን መከተል፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰዎች በአንድነት የሚውሉበትን ዕለት ያለ ክርክር ማስታወቅ ነው። ባሕረ ሐሳብ በሁለተኛው ሥራ የሚያህለው ጥቂት ነው፤ በገጠር ያለ አንድ መሪጌታና በከተማ ያለ ሌላ መሪጌታ ሳይጠያየቁ አንድ ፋሲካ ያወጣሉና።

ይህ መራራቅ ግን ለመሥሪያ ቤት ሰው ሥራ አምጥቶበታል። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ያለችው አቃቂ በሰቃ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1917 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በአቃቂ ነበር። ከኢጣልያ ወረራ በፊትም አገራችንን ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኘው የሬድዮ ጣቢያ የተተከለው በዚያው በአቃቂ ነበር። ሐዲዱም ሆነ ሞገዱ ሁለት የዘመን ቁጥር ባላቸው ሕዝቦች መካከል የሚያልፍ ድልድይ ነበረ። መስከረም 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአቃቂ ወደ ጄኔቭ አንድ ቃል ቢተላለፍ፣ እዚያ የሚጻፍበት ዕለት ሴፕቴምበር 12 ቀን 1935 ነው። በዓመቱ፣ በመስከረም 1 ቀን 1929፣ ሌላ ቃል ቢተላለፍ ግን ሴፕቴምበር 11 ይጻፍበታል። ምክንያቱም 1927 ዓ.ም. የሉቃስ ዘመን ስለ ነበረ ጳጉሜን ስድስት ሆናለች። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ ሁለቱን ቀኖች ቢያስተያይ አንዱ ስሕተት ነው ብሎ ትክክለኛውን ያበላሻል።

በዛሬው መዝገብ ቤትም ይኸው ጣጣ አለ። ብዙ ሰው የአውሮፓን ዓመት ለማግኘት 8 መጨመር ይበቃል ብሎ ያምናል። ይህ እውነት የሚሆነው ከአውሮፓ አዲስ ዓመት በኋላ፣ ማለት ከታኅሣሥ መጨረሻ አንሥቶ እስከ ጳጉሜን ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ግን የሚጨመረው 7 ነው። በሚያዝያ 1949 የተወለደ ሰው በ1957 ተወለደ ይባላል፤ በኅዳር 1949 የተወለደ ግን በ1956 ነው። በዚህ አንድ ቁጥር የተነሣ አንድ ሠራተኛ የጡረታ ዘመኑ አንድ ዓመት ሊዛባበት፣ የአንድ ተማሪ ማስረጃ ከፓስፖርቱ ጋር ሊጣላበት ይችላል። ጥፋቱ የጽሕፈት መኪና ወይም የኮምፒዩተር አይደለም፤ መስፈሪያውን ሳይጠይቅ የደመረው ሰው ነው። ከዚህም ጋር አንድ ነገር ይታወስ፤ በሁለቱ አቈጣጠሮች መካከል ያለው የ13 ዕለት ልዩነት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2100 ወዲህ 14 ይሆናል። ከዚያ በኋላ እንቍጣጣሽ በተራ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ትውላለች። ለረዥም ዘመን የሚጸና ውል የሚጽፉ ሰዎች ይህን ከአሁኑ ሊያውቁት ይገባል።

ስለዚህ ቁጥር አንድ ነገር ጨምረን እንጨርስ። በ1583 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር)፣ ማለት ከጎርጎርዮስ አዋጅ በማግሥቱ ዓመት፣ ዮሴፍ ስካሊገር የሚባል ሊቅ የዓለምን ታሪክ ሁሉ በአንድ ገመድ ለማሰር ፈለገ። ሦስት ዙሮችን፣ 28ን፣ 19ንና በሮማ መንግሥት የታወቀውን የ15 ዓመት ዙር አባዝቶ የ7,980 ዓመት ዘመን አገኘ። የከዋክብት መርማሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ ዕለትን ያለ ዓመትና ያለ ወር በአንድ ተከታታይ ቁጥር የሚቈጥሩት ከዚህ ዘመን መነሻ ጀምረው ነው። 7,980ን ለ532 ብትከፍሉት በትክክል 15 ታገኛላችሁ። የስካሊገር ዘመን 15 ዐቢይ ቀመር ነው፤ በዕለት ሲቈጠር 15 ጊዜ 194,313፣ ማለት 2,914,695 ነው። መነሻው ከእኛ ዓመተ ዓለም መነሻ የተለየ ነው፤ መስፈሪያው ግን አንድ ነው።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፤ አንድ መሪጌታ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በጣቱ የሚቈጥረውና አንድ የከዋክብት መርማሪ በመሣሪያው ፊት ተቀምጦ የሚመዘግበው ከአንድ ቁጥር ይገናኛሉ። ልጆቻችሁ የሒሳብ ትምህርት ቤት ሲገቡ ስለ ብቸኛ ቁጥርና ስለ አካፋይ የሚማሩት ነገር ከባዕድ አገር ብቻ የመጣ መስሎአቸው እንዳይፈሩት፣ 194,313ን በደብተራቸው ላይ ጽፋችሁ ክፈሉት በሉአቸው። 3ን፣ 7ን፣ 19ንና 487ን ሲያገኙ፣ እንቍጣጣሽንና ፋሲካን ከየት እንደ መጡ በራሳቸው እጅ ያገኙአቸዋል።